ሁለት ደቂቃ ከሰባት ሰከንድ

ጥቅምት 4

ለምወድህ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። እማዬ «ስለ እግሬ እንዳትጽፊለት» ብላለች፤ ስለዚህ ስለ እግሯ አልጽፍም። ሐሙስ ሐሙስ ከማረሚያ ቤቱ በምትደውላት አምስት ደቂቃ እሷ አራቱን አልቅሳ፣ አንዷን ስለ ካልሲህ ጠይቃ ስለምትጨርሳት ለእኔ የቀረኝ ወረቀት ነው። አልተቀየምኩም። የእናት ነገር ነው።

ጥያቄህን ልመልስ። አዎ፣ ያንተ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። አንተ ከታሰርክ ወዲህ ሌላ ሰው አልተቀጠረም፤ እኔም ቆሜ መሥራት ስለማልችል ተቀመጥኩ። የጥሪ ማዕከላችን እንደተውከው ነው። የጥጉ መስኮት ዛሬም አይዘጋም፤ ስልክ ተቀባዮቹ ዛሬም ሻያቸውን ኪቦርድ ላይ ይደፋሉ።

አሮጌው ሰርቨር ግን ሊሞት ነው። ማራገቢያው ሲነሳ ጎረቤት ቢሮ ድረስ ይሰማል። ኃላፊያችን አዲስ ማሽን አስመጥተዋል፤ አዲስ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጭኖበታል። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ አምቡላንሶቹን የሚጠራውን ያንተን ፕሮግራም እዚያ ላይ እንደገና ኮምፓይል አድርጌ፣ ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ለውጬ፣ ማስነሳት አለብኝ። ትላንት ሞከርኩት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ከዚያ ሳያልቅ ቆመ። የኮዱን የመጀመሪያ ሃያ ገጽ አትሜ አያይዤልሃለሁ። ከየት ልጀምር?

የልብስ ሰፊውን ሚስት አይተሻት እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አላየኋትም። ሱቁ እንደተዘጋ ነው። በዚያ በኩል የሚያስኬድ ጉዳይ ሲኖረኝ መንገድ እቀይራለሁ። ይቅር በለኝ፤ ከተፈረደብህ ዐሥራ አራት ወር ሆነ፣ እኔ ግን የዚያችን ሴት ዓይን የማይበት ድፍረት እስካሁን አላገኘሁም።

እህትህ


ጥቅምት 19

ቁንጫዬ፣

ደብዳቤሽ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጅቶ ደረሰኝ። ስድስቱ የመንገድ ነው፤ አምስቱ ደግሞ ደብዳቤ የሚመረምሩት አሥር አለቃ ናቸው። ያተምሽውን ኮድ ይዘው ጠሩኝ። «እዚህ ገጽ ላይ ሠላሳ ጊዜ ሶኬት ይላል። ምንድነው፣ ኤሌክትሪክ ልትጠልፉ ነው?» አሉኝ። ሁለት ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት መስመር እንደሆነ፣ አንዱ እንደሚደውልና ሌላው እንደሚያነሳ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ካላነሳስ?» አሉ። ይህን ጥያቄ ከስንት ኢንጂነር ጠብቄ አጥቼዋለሁ መሰለሽ!

አንቺም ከእሱ ጀምሪ። ሥራችን ያው ነው፦ አንድ ሰው ተጎዳ ተብሎ ሲደወል ፕሮግራሙ ለተጎጂው ቅርብ የሆነውን የአምቡላንስ ጣቢያ ይጠራል። ጣቢያው በአምስት ሰከንድ ካልመለሰ ትቶት ወደሚቀጥለው ያልፋል። የአምስት ሰከንዱ ገደብ ከሌለ ሊኑክስ በራሱ ልማድ ማንኳኳቱን ይቀጥላል፤ እሱ ደግሞ ቶሎ የሚሰለች ፍጥረት አይደለም።

ማስጠንቀቂያዎቹን አትፍሪያቸው፣ አንብቢያቸው። ከላይ ጀምሪ፤ አንዱን ስትፈቺ ሃያው አብሮ ይሄዳል። ብቻ ኮምፓይል ሆነ ማለት ሠራ ማለት እንዳይመስልሽ። እንደ ልማዳችን አንድ ሰው የአንዱን ጣቢያ ገመድ ይንቀል፤ አንቺ ስክሪኑ ፊት ቁሚና ጮክ ብለሽ ቁጠሪ። አምስት ላይ ወደ ቀጣዩ ካልዘለለ እንዳትፈርሚ።

ስለዚያ ቀን አዲስ ነገር የለኝም። ስልኬን እያየሁ ነዳሁ፣ ሰውየው መንገድ ሲያቋርጥ ገጨሁት፣ ሆስፒታል ሲደርስ ሞተ። ለዳኛው የተናገርኩት ይኸው ነው።

ለእማዬ ካልሲው እንደተስማማኝ ንገሪያት። አንዱ ጠፍቷል፤ እሱን አትንገሪያት።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለውድ ወንድምዓለም፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ኮምፓይል ሆነ! ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ማስጠንቀቂያ ዘጠኝ ቀርቶ ነበር፤ እነሱንም ትላንት ጨረስኳቸው። እንዳልከው ነው፤ አንዱን ስነካው ሃያው እየተከተለ ሄደ። መጨረሻ ላይ ያስቸገረኝ የጊዜ ነገሮች የተጻፉበት ፋይል ነው። ኮዱ ከድሮው ቦታ ይፈልገዋል፤ አዲሱ ሊኑክስ ላይ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ መስመር ጨመርኩና አለፈ። አንድ መስመር ብቻ! ይገርማል አይደል፣ አንድ መስመር።

እማዬ ደህና ናት። ጣሪያው በማዕድ ቤቱ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል፤ እኔ ባልዲ አስቀመጥኩ፣ እሷ ባልዲው ቤቱን አስቀየመ ብላ አነሳችው፣ ከዚያ ሲያዳልጣት እኔን ተቆጣች። ከአጠገባችን ያሉት ጎረቤቶቻችን ፒያኖ ገዝተዋል። የሚችል የለም፣ ግን ሁሉም ይሞክራል። የአጎታችን ልጅ ልታገባ ነው፤ ሙሽራው አጭር ነው ብለው ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተሰብስቦ ያማዋል። እሷ ደግሞ «እኔ መሰላል አይደለም የማገባው» አለቻቸው። ቢሮ ውስጥ ከሂሳብ ክፍል ጋር ያለው የማተሚያ ማሽን ጠብ እንደቀጠለ ነው። ብርድ ልብስ ትፈልጋለህ? እዚያ ይበርዳል ይባላል። መጽሐፍ ልላክልህ?

ስለ ገመዱ ላልከው፣ በዚህ ሳምንት ጊዜ አላገኘሁም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፦ ካቻምና መጋቢት ላይ ያወጣነውን የፕሮግራሙን ቅጂ ገመድ ነቅሎ የፈተነው ማን እንደነበር ትዝ ይልሃል?

እህትህ


ኅዳር 14

ቁንጫዬ፣

አራት ገጽ ጻፍሽልኝ። ፒያኖውም፣ ሙሽራውም፣ ባልዲውም ደረሱኝ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የደበቅሽው ነገር ሲኖር ወሬሽ ይረዝማል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ አንቺ ደግሞ መጠጥ አትቀምሺም፣ ስለዚህ ራስሽ ብታወጪው ይሻላል።

የመጋቢቱን ቅጂ ኮምፓይል ያደረግሽው አንቺ ነሽ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ገመድ የነቀለ ሰው አላስታውስም። ለምን ጠየቅሽኝ?

ገመዱን ነቅለሽዋል። አውቅሻለሁ። ስንት ቆጠርሽ?

ወንድምሽ


ኅዳር 23

ወንድሜ፣

መቶ ሃያ ሰባት።

አዲሱ ማሽን ላይ አምስት ነው የቆጠርኩት፤ እሱ ደህና ነው። ደስ ብሎኝ፣ ለማነጻጸር ብዬ፣ ከካቻምና መጋቢት ጀምሮ ሲሠራ የኖረውን ቅጂ መለዋወጫ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ስልክ ተቀባይዋ ገመዱን ነቀለችልኝ። አምስት ብዬ ቆምኩ፤ አልዘለለም። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ጀመርኩ። ሃያ ላይ ልጅቷ ሳቀች። ስልሳ ላይ ሳቋን ተወች። ሁለት ደቂቃ ከሰባት ሰከንድ፣ ወንድሜ። ያን ረጅም ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህን አውቄ ነው። ይቅር በለኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። የጊዜ ገደቡን መስመሮች አጥር ውስጥ እንዳስገባሃቸው ታውቃለህ፤ ኮምፓይል ማድረጊያው ትዕዛዝ ላይ አንዲት ቃል ከተጻፈች ኮምፓይለሩ ያስገባቸዋል፣ ካልተጻፈች እንደሌሉ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። ካቻምና መጋቢት ላይ ቃሏን ጽፌ ሳዝዘው ያው የጊዜው ፋይል ጠፋበትና እንቢ አለኝ። እማዬ እግሯን ኦፕራሲዮን የሆነችበት ቀን ነው፤ አንተ ሆስፒታል ነበርክ፣ እኔም ልመጣ ቸኩያለሁ። ቃሏን ሰረዝኳት። ንጹህ ሆኖ አለፈ፤ አንዲት ማስጠንቀቂያ እንኳ አላወጣም። ነገ እመልሳታለሁ አልኩ። ስደውልልህ «ኮምፓይል ከሆነ ፈርሜያለሁ በይ» አልከኝ። በማግስቱ እማዬን ላስታምም ቀረሁ፣ ስመለስ ሌላ ሥራ ጠበቀኝ፣ ረሳኋት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፍስሼ እንኳ አልለቀምኩም።

ከዚያ መዝገቡን አየሁ። ሰውየውን የገጨህ ቀን የደወልከው ሰባት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ነው። ለመንገዱ ቅርብ የሆነው ጣቢያ መብራት ጠፍቶበት ነበር። ወደ ሁለተኛው ጣቢያ ያለፈው ሰባት ከአርባ ሦስት ላይ ነው። በመካከሉ ምንም የተጻፈ ነገር የለም።

ሐኪሙ ፍርድ ቤት ቆሞ ያለው ትዝ ይልሃል? «ጥቂት ቀደም ብሎ ቢደርስልን ምናልባት ይተርፍ ነበር» ነው ያለው። አንተ አንገትህን ደፋህ። እኔ ከኋላህ ተቀምጬ አምቡላንሶቹን ረገምኳቸው። ሰውየው ቢተርፍ ኖሮ ሦስት ዓመት አይፈረድብህም ነበር። እሱም ሱቁን ይከፍት ነበር። ያ «ምናልባት» የእኔ እጅ ሥራ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ገለጥኩልህ እንጂ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። ለኃላፊው አልተናገርኩም። ለእማዬ አልተናገርኩም። ልትጽፍልኝ ባትፈልግ አይፈረድብህም።

እህትህ


ታኅሣሥ 21

ቁንጫዬ፣

እንድትጠብቂ ስላደረግሁሽ ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩት።

ደብዳቤሽን አሥር አለቃው ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ። ሌላ ጊዜ በመስኮት ነው የሚወረውሩት። «ቁጭ ብለህ አንብበው» አሉኝና ሄዱ።

አልዋሽሽም፤ ተናደድኩ። ሁለት ቀን ምግብ አልቀመስኩም። በዓይነ ኅሊናዬ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ያቺን ቃል ስትሰርዣት አየሁሽና እጅሽን ልይዝ ፈለግሁ። ከዚያ ያንን ስልክ አስታወስኩ። «ፈርሜያለሁ በይ»። ገመድ ሳይነቀል እንዳይፈረም ብዬ ሕግ ያወጣሁት እኔ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ በአንድ ቃል ሻርኩት። ደግሞስ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበትን ገደብ፣ ትዕዛዝ ላይ ቃል ካልተጻፈ የሚቀር አድርጎ አጥር ውስጥ ያስቀመጠው ማነው? ያኔ እንዲያውም ብልሃት መስሎኝ ኮርቼበት ነበር።

እንግዲህ ስሚኝ። ጥፋቱን አንቺ ላይ ጭኜ ቀለል ሊለኝ ይችል እንደሆነ ሞክሬዋለሁ። አልቀለለኝም። ሁለቱ ደቂቃ የጋራችን ነው፤ መኪናው ግን የእኔ ብቻ ነው። ስልኬን ባላይ ኖሮ ሰውየው አምቡላንስ አያስፈልገውም ነበር። ይህን ልትወስጂብኝ አትሞክሪ፤ የእኔን ሸክም በመውሰድሽ የሚቀልልኝ አይምሰልሽ።

ግን ለኃላፊው ንገሪ። የእኔ ፍርድ ይቀነስ ብለሽ አይደለም። ያ ቅጂ ሃያ ወር ሠርቷል። በሃያ ወር ውስጥ ዝም ያለ ጣቢያ አንድ ብቻ አይሆንም፤ ሌሎችም ሰዎች ጠብቀዋል። ማን እንደጠበቀ ቤተሰቦቻቸው ሊያውቁ ይገባል። ፈርተሽ እንደሆነ እኔም እፈራ ነበር። ፈርተሽ ሂጂ።

አሁንም እህቴ ነሽ። ይህን የጻፍኩት እንደምትጠራጠሪ ስለማውቅ ነው።

ወንድምሽ


ጥር 12

ለውድ ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን እማዬም አነበበችው። ሰርቃ አይደለም፣ እኔ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ እኔን ሳታይ «እራት በልተሻል?» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ነው አቅፋኝ ያለቀሰችው።

ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። መዝገቡን አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ጥሪ ነው፤ ሠላሳ አንዱም ዝም ያለ ጣቢያ ላይ ሁለት ደቂቃ ከሰባት ሰከንድ ቆመዋል። አብዛኞቹ ተርፈዋል፤ የአራቱን ገና እያጣራን ነው። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። «ለምን ነገርሽኝ?» አሉኝ በመጨረሻ፤ በቁጣ አልነበረም። ጉዳዩን ኮሚቴ እስኪያየው ከሥራ ታግጃለሁ። ፊርማህንም ይመረምሩታል፤ ማረሚያ ቤት ድረስ መጥተው ቃልህን ይቀበላሉ መሰለኝ።

ከመታገዴ በፊት ግን አጥሩን አፈረስኩት። ገደቡ ከአሁን ወዲያ በማንም ቃል የሚገባ የሚወጣ አይደለም፤ ያለ እሱ ፕሮግራሙ ኮምፓይል አይሆንም። አዲሱ ማሽን ሥራ የጀመረ ዕለት ገመድ ነቀልን፤ ስልክ ተቀባዮቹ ሁሉ ከወንበራቸው ተነስተው አብረውኝ ቆጠሩ። አምስት ላይ ዘለለ። አንዷ አጨበጨበች፤ ሌሎቹ ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ማን ነኝ እንደምላት ጠፋኝ። «እትዬ፣ የዚያ የሾፌሩ እህት ነኝ» አልኳት። «አውቅሻለሁ፣ ፍርድ ቤት ከኋላው ትቀመጪ ነበር። ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ» አለችኝ። የመጣሁበትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። «ይቅር ብያለሁ እንድልሽ አትጠብቂ። ዛሬ አልችልም» አለች። እኔም አልጠበቅኩም።

ልወጣ ስነሳ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ያን ቀን ጠዋት ከባሏ ጋር ተጣልተው ነበር። የቤታቸው በር መቀርቀሪያ ተሰብሮ ሳምንት ሙሉ ዛሬ እሠራዋለሁ፣ ነገ እሠራዋለሁ እያለ ስላቆያት ነው። እሷ ኃይለ ቃል ተናገረችው፤ እሱ ደግሞ «ለምሳ እንዳትጠብቂኝ፣ እህቴ ጋ እበላለሁ» ብሎ ወጣ። ያም ሆኖ ምሳውን ሠርታ ጠብቃዋለች። አንተ የገጨኸው ከሱቁ ፊት ለፊት ሲሻገር ነው። እዚያ ጋ የተሻገረ ሰው ወደ እህቱ ሰፈር የሚወስደውን አውቶቡስም ሊይዝ ይችላል፣ ወደ ቤቱም በእግሩ ሊሄድ ይችላል። «ወዴት እየሄደ ነበር? ፖሊስም ዳኛም ይህን አልጠየቁልኝም። ያንን ብቻ ባውቅ!» አለችኝ። ሞት ሲመጣበት እንዳኮረፋት ይሁን አይሁን አታውቅም።

እኔ ምን ልበላት? ምንም አላውቅም። ከእሱ ጋር የነበርከው አንተ ነህ። የተናገረው ነገር ነበር?

እህትህ


ጥር 28

ቁንጫዬ፣

ነበር። ለዳኛው የተናገርኩት ይኸው ነው ብዬ ስጽፍልሽ ለዳኛው ያልተናገርኩት አለ ማለቴ ነበር። ጠበቃዬ ነው «ሰውየው ይናገር እንደነበር አንሳ ብትባልም አታንሳ፤ በንቃት ተሠቃየ ይባልና ፍርዱ ይከብድብሃል» ያለኝ። ታዘዝኩት። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ዝም አልኩ። ያቺ ሴት ይህን ስታስብ እንደኖረች አላውቅም ነበር፤ ባለማወቄ አፍራለሁ። አንቺ የረሳሽውን ተናገርሽ፤ እኔ ያልረሳሁትን ደበቅኩ።

ደውዬ እንደጨረስኩ አስፋልቱ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁ፤ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ምን ያህል ሕመም እንደነበረው አልነገረኝም። ዓይኖቹን ገልጦ የጃኬቴን እጅጌ ያዘ፣ ስፌቱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ «ይህን የሰፋው ሰው ቸኩሏል» አለኝ። ሊያረጋጋኝ ይሁን ወይ እውነት ስፌቱ አስቀይሞት አላውቅም። እጅጌዬን አልለቀቀም፤ አምቡላንሱ ሲመጣ ጣቶቹን ያላቀቁት ሠራተኞቹ ናቸው።

ለእሷ የሚሆን ጥሩ ንግግር ቢኖረኝ ሙሉውን እጽፍልሽ ነበር። የለኝም፤ ከራሴ አልጨምርበትም። ከዚያ በኋላ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ስምንት ሊሆን ነው አልኩት። «አይ፣ ምሳው ቀዘቀዘ። አሁን ታኮርፈኛለች» አለ።

የኮሚቴው ሰዎች ሲመጡ ይህንንም ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ፍርዱ ከከበደ ይክበድ። አንቺ ግን እነሱን አትጠብቂ። ደብዳቤውን በሰው እጅ እንዳትልኪላት፤ ራስሽ ሂጂ፣ አጠገቧ ቁጭ በይ። ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር በያት።

ወንድምሽ